በምን ተለክቶ? ከአንዲት ስቶር ኪፐር የመለካት ምክር

ሞዴል 19 አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዕቃ ወደ መጋዘን ሲገባ የሚቆረጠው ደረሰኝ ነው። የዕቃው ዓይነት፣ መለኪያ፣ ብዛት፣ ዋጋ የሚሉ ዓምዶች አሉት። አዲስ የተቀጠረ ልጅ ሲመጣ «ብዛት» የሚለውን ቶሎ ይሞላና «መለኪያ» የሚለውን ባዶ ይተወዋል። «ሲሚንቶ፣ 50» ብሎ ይፈርማል። 50 ምን? 50 ከረጢት ከሆነ 25 ኩንታል ነው። 50 ኩንታል ከሆነ ደግሞ 100 ከረጢት ነው። በመሃል ሁለት ቶን ተኩል ሲሚንቶ ይጠፋል። ከዚያ ኦዲተር ሲመጣ የምትጠራው ማናት? እኔ።

የኮንስትራክሽን ስቶር ኪፐር ነኝ። ሳይቱ ላይ «ስቶሯ» ነው የሚሉኝ፤ ስሜን የሚያውቀው ሒሳብ ክፍል ብቻ ይመስለኛል። ሥራዬ መቁጠር፣ መመዘንና መጨቃጨቅ ነው። ጭቅጭቁ ቤቴም ገብቷል፤ እናቴ «ገበያ አብሬሽ አልሄድም» ካለች ቆይታለች። የምለው አንድ ነገር ነው። ማንም ቁጥር ሲነግራችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። በምን ተለካ፣ በክብደት ነው በይዘት፣ በቁጥር ነው በርዝመት? በማን መለኪያ? ዕቃው ሲለካ በምን ሁኔታ ላይ ነበር፣ እርጥብ ነው ደረቅ፣ ከነከረጢቱ ነው ያለከረጢቱ? እነዚህን ሳትጠይቁ ዋጋ ብትከራከሩ ትርፉ ድካም ነው።

መጀመሪያ መለኪያውን ለኩት

ሚዛን ለመፈተሽ የሚያስፈልጋችሁ የታሸገ ውሃ ነው። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል። ፕላስቲኩ ጥቂት ግራም ይጨምራል፣ በቃ። ባለ 1 ሊትሯን ያዙና «እስቲ ይህችን ላስቀምጣት» በሉ። ሚዛኑ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ካነበበ ነጋዴው ከምትከፍሉበት ከእያንዳንዱ ኪሎ ወደ 167 ግራም እየበላባችሁ ነው። አንዳንዱ ሚዛን ግን 1 ኪሎ ላይ መልአክ ነው፤ ጭነቱ ሲከብድ ነው የሚዋሸው። ብዙ የምትገዙ ከሆነ ባለ 2 ሊትሩን የ6 ፍሬ እሽግ አስቀምጡበት። ከ12 ኪሎ ትንሽ ከፍ ብሎ መቆም አለበት። ባዶውን ዜሮ ማለቱንም እዩ። ሰዎች ይህን ማየት ያፍራሉ፤ ምኑ ያሳፍራል?

ሜትርም እንደዚሁ። ጫፉ ላይ ያለችው ብረት መንጠቆ ትነቃነቃለች። ብዙ ሰው ላልታ መስሎት በመዶሻ ይመታታል። ተዉ! እንድትነቃነቅ ተደርጋ ነው የተሠራችው። ከውጭ ጠርዝ ላይ አንጠልጥላችሁ ስትስቡ የራሷን ውፍረት ያህል ወደ ውጭ ትወጣለች። ከግድግዳ ጋር አጋጭታችሁ ስትለኩ ደግሞ ያንኑ ያህል ትገባለች። በሁለቱም በኩል ልኩ ትክክል የሚመጣው ለዚህ ነው። የተጠበቀች መንጠቆ ሁሌም በአንዱ በኩል ታሳስታለች።

ግንባታ ላይ

እዚህ ትንሽ ልቆይ፤ ሰፈሬ ነው።

ፌሮ የሚገዛው በቤርጋ ወይም በኪሎ ነው። አንድ ቤርጋ 12 ሜትር ነው። «ባለ 12» ሲባል ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ግን እውነት 12 ነው? በዓይን 12ን ከ11 ተኩል የሚለይ ሰው አላየሁም፤ ለያለሁ የሚል ግን ሞልቷል። ዘዴው ይኸው። ውፍረቱን በራሱ አባዙት፣ ለ162 አካፍሉት። የ1 ሜትሩን ክብደት በኪሎ ይሰጣችኋል። 12 በ12 ሲባዛ 144፣ ለ162 ሲካፈል 0.89 ገደማ። ለ12 ሜትር 10.7 ኪሎ ያህል ይመጣል። ለባለ 10 ቤርጋው 7.4፣ ለባለ 8 ደግሞ 4.7 ኪሎ አካባቢ ነው። ከጭነቱ መሃል ጥቂት ቤርጋ ምረጡ፤ ከላይ ያሉትን ብቻ እንዳትወስዱ። ርዝመቱን በሜትር አረጋግጡ፣ ከዚያ መዝኑ። ትንሽ መለያየት ያለ ነው። ባለ 12 የተባለው 9 ተኩል ኪሎ ከመጣ ግን እጃችሁ ላይ ያለው ባለ 11 ከምናምን ነው።

በቤርጋ ስትገዙ የሳሳ ብረት ኪሳችሁን ይጎዳል። በኪሎ ስትገዙ የከፈላችሁበትን ታገኛላችሁ፤ ኪሳችሁ ሰላም ነው። ኢንጂነሩ ግን ኮለኑን (ምሶሶውን) ያሰላው በ12 ነው። ስለዚህ በኪሎ ገዝቻለሁ ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

አሸዋ ደግሞ በቢያጆ፣ በአንድ ምልልስ ጭነት ማለት ነው፣ ነው የሚሸጠው። «አንድ ሲኖ» ይሏችኋል። ሲኖ መለኪያ አይደለም፤ መኪና ነው። ሾፌሩ ሳይገለብጥ ውጡና የመኪናውን የጭነት ሳጥን ውስጡን ለኩ። ርዝመቱ 5.6፣ ስፋቱ 2.3፣ ቁመቱ 1.2 ሜትር ቢሆን ሙሉው ወደ 15.5 ሜትር ኩብ ነው። አሁን አሸዋው እስከየት ደረሰ? መንገዱ ሲያንገጫግጨው ይወርዳል። 1 ሜትር ላይ ከቆመ የደረሳችሁ 13 ሜትር ኩብ እንኳ አይሞላም። መሃሉ ተቆልሎ ጠርዙ ላይ የጎደለም አለ። አካፋ ይዞ የሚያስተካክል ልጅ ላኩ። ሾፌሩ ይቆጣል፣ ይቸኩላል፣ «እኔ ላይ ነው እንዴ?» ይላል። ይበል።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር። እርጥብ አሸዋ ያብጣል። ቀልድ አይደለም። ውሃው ፍሬዎቹን ስለሚያራርቃቸው ያው አሸዋ ሲረጥብ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ 20 እና 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ደቃቅ አሸዋ ላይ ይብሳል። ለመፈተሽ ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ውሰዱ። እርጥቡን አሸዋ ሳትጠቀጥቁ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሙሉት። ውሃ አፍስሱበት፣ በእንጨት አማስሉት፣ ይስከን። ወደ 16 ከወረደ እብጠቱ 25 በመቶ ነው። ይህ ማለት ሙያተኛው «2 ሳጥን አሸዋ» ብሎ ያዘዘው በደረቅ ሒሳብ ከሆነ፣ በዚያ እርጥብ አሸዋ 2 ሳጥን ተኩል መስፈር አለባችሁ። የሚገርመው በውሃ የጠለቀ አሸዋ እንደ ደረቁ ተመልሶ ይሰበሰባል። እርጥቡ ነው አስቸጋሪው።

ሳጥኑም ራሱ ጉድ አለው። አናጺውን «50 በ40 በ20 ሥራልኝ» ትሉታላችሁ። 40 ሊትር መያዝ አለበት። እሱ ግን ከውጭ ለክቶ ይሠራዋል። ጣውላው 2 ሳንቲ ተኩል ውፍረት ካለው ውስጡ 45 በ35 ሆኖ ይቀራል። 31 ሊትር ተኩል ነው እንግዲህ፤ ከአምስት አንዱ በላይ ጠፋ። ለአናጺ ልክ ስትነግሩ «ውስጡን» የምትል ቃል አትርሱ።

ብሎኬት ቀላል ነው፣ በቁጥር ነው። ፊቱ 40 በ20 ስለሆነ ለ1 ካሬ ግድግዳ 12 ተኩል ይገባል፤ 13 ብላችሁ ያዙ፣ የሚሰበርም አለ።

ቆርቆሮ ላይ ግን ብዙዎች ይሸወዳሉ። ጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። ባለ 32 ከባለ 28 ይሳሳል። «ትልቁን ስጠኝ» ብሎ 35 ጌጅ ይዞ የሄደ ሰው በመጀመሪያው ነፋስ ትምህርቱን ያገኛል። የኤሌክትሪክ ሽቦም ላይ ባለ 2.5 የሚባለው የመዳቡን የተቆረጠ ፊት ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ነጠላ ድፍን ሽቦ ከሆነ ውፍረቱን በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ስትለኩት 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚመጣው። አትደንግጡ፣ አልተሸወዳችሁም።

ገበያ

ጣሳ፣ ቁና፣ ሲኒ ይዘት ነው የሚለኩት። ኪሎ ደግሞ ክብደት ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ዕቃው ራሱ ነው። አንድ ጣሳ ጤፍና አንድ ጣሳ አጃ እኩል አይመዝኑም። ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ክፍተት ሳይተው ይሞላል። ደግሞ ጣሳው ዝም ብሎ ተሞልቶ ነው ወይስ ተነቅንቆ? ከአፉ ልክ ነው ወይስ ተቆልሎ? በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤ ገበያ ውስጥ ግን የመግዣ ቁናና የመሸጫ ቁና ለየብቻ ያለው ሰው አይጠፋም።

ማር እንውሰድ። አንዳንዱ በኪሎ ይሸጣል፣ ሌላው በሃይላንድ ፕላስቲክ ሞልቶ «ሊትር ነው» ይላል። 1 ሊትር ማር 1 ኪሎ ከ400 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ዋጋ ስታወዳድሩ የሊትሩን ለ1.4 አካፍሉት። ሊትሩ 1 ኪሎ ከ200 ብቻ ከመዘነ ውሃ ጠጥቷል። ስኳር የተጨመረበትን ግን በሚዛን አትይዙትም፤ ለእሱ ምላስና የሻጭ ዘመድ ያስፈልጋል። ዘይት በተቃራኒው ከውሃ ይቀላል። ባለ 5 ሊትር ዘይት 4 ኪሎ ከ600 ገደማ ነው። «5 ኪሎ አልሞላም» ብላችሁ ሱቅ ውስጥ እንዳትጣሉ።

ቡና አካባቢ ፈረሱላ አለ፣ ወደ 17 ኪሎ። እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ ቡናው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ነው። እሸት ነው፣ ጀንፈል (ከነልጣጩ የደረቀ) ነው ወይስ የተፈለፈለ? ከ6 ኪሎ እሸት ቡና የምታገኙት ወደ 1 ኪሎ ያለቀለት ጥሬ ቡና ነው። ያው 17 ኪሎ፣ ሦስት የተለያየ ገንዘብ።

ይዘትና ክብደትን ማምታታት የገበያ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1983 የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 አውሮፕላን ሰማይ ላይ ነዳጁ አልቆበታል። አውሮፕላኑ የሚፈልገው ነዳጅ በኪሎ ተሰልቷል፤ 22,300 ኪሎ። ነዳጁ የሚቀዳው ግን በሊትር ነው። ሊትሩን ወደ ክብደት ሲቀይሩ ለኪሎ የሚሆነውን 0.8 ትተው ለፓውንድ የሚሆነውን 1.77 ተጠቀሙ። ከግማሽ በታች ነዳጅ ይዞ ተነሣ። አብራሪዎቹ ያለ ሞተር አንሳፍፈው ጊምሊ የሚባል አሮጌ የአየር ኃይል ማረፊያ ላይ አሳረፉት፤ የሞተ ሰው የለም። ቁጥር ባዶውን፣ መለኪያው ሳይጻፍ ሲተላለፍ እንዲህ ነው።

ፓውንድ ካነሣን አይቀር፣ ከአሜሪካ ዘመድ ሲመጣ ሻንጣው 50 ፓውንድ ነው ካለ 23 ኪሎ ገደማ ነው። ኪሎ ሲበዛ በ2.2 ፓውንድ ይሆናል።

መድኃኒት

እዚህ ቀልድ የለም። የሕፃናት ሽሮፕ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። አንዱ ሚሊ ግራም ነው፣ የመድኃኒቱ መጠን። ሌላው ሚሊ ሊትር ነው፣ መድኃኒቱ የሟሟበት ፈሳሽ። «125 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር» ይላል። አሞክሳሲሊን 125ም 250ም አለ፤ ጠርሙሱ ይመሳሰላል። «5 ሚሊ ስጪው» የሚለው ትእዛዝ በአንዱ ጠርሙስ የሌላውን እጥፍ ይሆናል። ፋርማሲው ያለውን ቀይሮ ከሰጣችሁ ሚሊ ሊትሩንም እንደ አዲስ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ፓራሲታሞል ላይ ይብሳል። ጠብታው በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ሊይዝ ይችላል። ሽሮፑ በ1 ሚሊ ሊትር 24 ወይም 25 ነው። አራት እጥፍ! የጠብታን ጠርሙስ በሽሮፕ ልክ መስጠት ልጅን መመረዝ ነው።

ማንኪያውን ተዉት። የመድኃኒት የሻይ ማንኪያ ሲባል 5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ቤታችሁ ያለው የሻይ ማንኪያ ግን ማንም ለክቶ አልሠራውም፤ አንዱ 3 ይይዛል፣ ሌላው 7። አብሮ የሚመጣውን መስፈሪያ ወይም መርፌ የሌለው ስሪንጅ ተጠቀሙ። በዱቄት የሚመጣውን ስትበጠብጡ ምልክቱ ድረስ ውሃ ጨምሩ፣ ናጡት፣ አረፋው ሲወርድ ይጎድላል፤ እንደገና እስከ ምልክቱ ሙሉት። «በቀን 3 ጊዜ» ማለት ለብዙ ፀረ ተሕዋስያን በየ8 ሰዓቱ ነው። ጠዋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4 ሰዓት ይሆናል። ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስ ብለው ሦስቱንም በ10 ሰዓት ውስጥ የሚጨርሱ አሉ።

አሁን ስለ ስኳር። እናቴ ስኳር አለባት። ወንድሜ ስቶክሆልም ነው የሚኖረው፤ እሱንም ጀምሮታል። ስልክ ላይ ይወዳደራሉ። እሱ «ዛሬ ጠዋት 7» ይላታል። እሷ «እኔ 126፤ አንተማ ተርፈሃል» ትለዋለች። ሁለቱም እኩል ናቸው! እዚህ አገርና አሜሪካ የሚለካው በሚሊ ግራም በዴሲሊትር ነው። ስዊድንና እንግሊዝ በሚሊ ሞል በሊትር ነው። የእነሱን በ18 አባዙት፣ የእኛን ይሰጣችኋል። 7 በ18፣ 126። ከስዊድን መለኪያ ማሽን በስጦታ ሲመጣ 6.4 ብሎ ያነበበላት እናት «ስኳሬ ወደቀ» ብላ ማር ልትልስ ትችላለች። 6.4 ማለት 115 ገደማ ነው። ማሽኑ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ በትንሹ የተጻፈውን ፊደል አንብቡና በወረቀት ለጥፉላቸው። ትኩሳትም ላይ የአሜሪካ ዘመድ «ልጁ 101 ሆነ» ካለ በፋራናይት ነው፤ በእኛ 38.3 ነው።

ቤት ውስጥ

የውሃ ቆጣሪ የሚቆጥረው ሜትር ኩብ ነው። 1 ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር፣ 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ካላችሁ ፈተናው ቀላል ነው። ባዶውን ስትሞሉት ቆጣሪው በ1 ይጨምራል። ሁለት ከጨመረ ወይ ቧንቧው ይፈሳል፣ ወይ ቆጣሪው ታሟል።

የመብራት ቆጣሪ ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚቆጥረው። የ100 ዋት አምፖል 10 ሰዓት ሲበራ 1 ይሆናል። 3 ተኩል ኪሎዋት የሆነ ምጣድ ያንን በ17 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ቢል ሲበዛ አምፖል እያጠፋችሁ ልጆች ላይ አትጩሁ። ሊጡን ቀድሞ ቡሃቃው ውስጥ አዘጋጅቶ፣ ምጣዱ ከጋለ በኋላ አከታትሎ መጋገር ነው የሚያዋጣው።

ዝናብ በሚሊ ሜትር ሲነገር 1 ሚሊ ሜትር ማለት በ1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ነው። 60 ካሬ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ቢዘንብ 1,800 ሊትር ይወርዳል፤ ጥቂቱ ይባክናል። ጣሪያውን ስትለኩ ተዳፋቱን ቆርቆሮ አትለኩ፤ መሬት ላይ የሚሸፍነውን ስፋት ነው። ዝናብ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው።

መሬት ላይ ብዙ አልልም። ጥማድ በአንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚታረስ ነው፤ ወደ ሩብ ሄክታር ይቆጠራል፣ ግን ከአገር አገር ይለያያል። ውል ላይ ጥማድ ብቻ ተጽፎ እንዳትፈርሙ። የአፓርታማ ሻጭ «120 ካሬ» ሲላችሁ ደረጃውንና የጋራ መተላለፊያውን ጨምሮ ሊሆን ይችላል። «ኔቱ ስንት ነው?» በሉና መልሱን ውሉ ላይ አስገቡት። ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ።

ወርቅ ላይ ግራሙና ካራቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ካራት ከ24 የሚታሰብ ንጽሕና ነው። ከዐረብ አገር የሚመጣው ብዙ ጊዜ 21 ነው፤ 87.5 በመቶ ወርቅ። 18 ካራት 75 በመቶ ነው። 10 ግራም ባለ 21 እና 10 ግራም ባለ 18 እኩል ይመዝናሉ እንጂ እኩል ወርቅ የላቸውም። ድንጋይ ካለበት የድንጋዩ ክብደት እንዲቀነስ ጠይቁ። የእጅ ዋጋውንም ለብቻው ያስቀምጡላችሁ፤ ስትሸጡት እሱን የሚመልስላችሁ የለም።